የማይጠይቀው መጫኛ

ብዙነህ አዳማ ውስጥ መብራት ኃይል አካባቢ፣ ከአንድ የጎማ መሸጫ በላይ ባለች ክፍል ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ለሰው ማስረዳት ከተወ ቆይቷል። ጎረቤቶቹ «ኮምፒውተር ይጠግናል» ይላሉ። አማቱ ለጸሎት ቤታቸው ሰዎች «ፍላሽ ይሞላል» ብለው ነው የሚያስተዋውቁት። ሥራው ሁለቱም አይደለም። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ሠርተው፣ አሠራራቸውን ሳይደብቁ፣ በነጻ የሚለቋቸው ፕሮግራሞች አሉ። ነጻ ይሁኑ እንጂ አውርዶ መጫኑ መከራ ነው። አንዱ ካለሌላው አይሠራም፤ ሌላውም ሦስተኛ ይፈልጋል፤ መመሪያው በእንግሊዝኛ ነው፤ መሃል ላይ መብራት ይጠፋል። ብዙነህ ይህን ሁሉ ሰብስቦ፣ የጎደለውን ሞልቶ፣ ጽሑፉን ወደ አማርኛና ኦሮምኛ መልሶ አንድ ፋይል ያደርገዋል። ፋይሉ ሁለቴ ሲነኩት ራሱን ይጭናል። ኢንተርኔት አይፈልግም። መጫኛ የሚለው ይህንን ነው።

መጫኛዎቹ በፍላሽ ይዞራሉ። የአሰላ መስመር ሾፌር ደራ ላይ ያወርዳል። የአቦምሳው መድኃኒት ቤት ባለቤት ለዕቃ ሲመጣ ይወስዳል። ኩየራ ያለ አስተማሪ ለሌላ አስተማሪ ይገለብጣል። ብዙነህም መጫኛው ሲከፈት በሚታየው ገጽ ላይ «ገልብጣችሁ ለሌላ ስጡ» ብሎ ጽፏል። ስንት ቦታ እንደደረሰ አያውቅም። ይህን አለማወቁ ለስምንት ዓመት ኩራቱ ነበር።

ከሁሉ የተወደደው የሕሙማን መዝገቡ ነበር። ትንንሽ ክሊኒኮች የታካሚውን ስም፣ የመጣበትን ቀንና የሚወስደውን መድኃኒት ልክ ይይዙበታል። ያስቸገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። አዲስ ዕትም በሚጫንበት ጊዜ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከድሮ የቀረ መዝገብና በሥራ ላይ ያለው መዝገብ ጎን ለጎን ይገኛሉ። መጫኛው ያኔ «ሁለት መዝገብ አግኝቻለሁ፤ የትኛው ይቀጥል?» ይላል። ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጥና ይደውላል። «ጋሽ ብዙነህ፣ ጠየቀኝ» ይላል፣ ፖሊስ እንደጠየቀው ሁሉ።

ባለፈው ክረምት ብዙነህ ጥያቄውን አወጣው። በምትኩ ደንብ ጻፈለት፤ የሁለቱን መዝገብ ቀን ያስተያያል፣ አዲሱን ያስቀራል፣ አሮጌውን ያጠፋል። ማጥፋቱም ምክንያት ነበረው፤ ሁለቱ አብረው ከቆዩ ሰው ተሳስቶ በአሮጌው ላይ ይጽፋል። ደንቡ አምስት መስመር አይሞላም። በራሱ ኮምፒውተር ላይ አሥር ጊዜ ሞከረው፤ አሥሩንም ጊዜ አልተሳሳተም። የሚደውልለት ሰው ቁጥር ቀነሰ። አንዳንዱ የሚደውለው ለማመስገን ሆነ።

በጥቅምት መጨረሻ ጉደታ ደወለ። ጉደታ ደራ ባለች ትንሽ የሚጥል በሽታ ክትትል ክሊኒክ ተራ ይሰጣል፣ መዝገብም ይይዛል።

«ጋሽ ብዙነህ፣ አካም? አዲሱን ጫንኩት። ግን አንዳንድ ሰዎች ጠፉብኝ።»

ብዙነህ በዚያ ሰዓት የአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ከፍቶ ብሎን በአፉ ይዞ ነበር።

«ዝጋና ክፈተው» አለው።

«ዘግቼ ከፍቻለሁ።»

«እንደገና ዝጋና ክፈተው። ሲስተር ከመጡ ሰላም በልልኝ።»

ሲስተር አረጋሽ ያን ሰሞን አልነበሩም። ክሊኒኩን የሚመሩት እሳቸው ናቸው፤ ለአሥራ አምስት ቀን ሥልጠና አሰላ ሄደው አንዲት ወጣት ነርስ ተክታቸው ትሠራ ነበር። ተመልሰው ወንበራቸው ላይ የተቀመጡት ኅዳር አሥር፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ደወሉ።

«የት ነህ?»

«ሥራ ቦታ ነኝ፣ ሲስተር። እንደምን ሰነበቱ?»

«ስማኝ። መዝገቡ ሁለት ሺህ አሥራ አራት መስከረም ላይ ቆሟል።»

«ቆሟል ማለት?»

«ከዚያ ወዲህ የተጻፈ የለም። ሦስት ዓመት የለም። ይቺ ልጅ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያየችውን ስትሰጥ ነው የሰነበተችው። ያኔ አንድ ክኒን ይውጥ ለነበረው አንድ ሰጥታለች። ዛሬ ሁለት የሚውጥ ሰው ነው።»

ብዙነህ ከወንበሩ ተነሣ።

«ስንት ሰው ይሆናል?»

«ከጉደታ የተራ ደብተር ላይ ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት። ልካቸውን ብዙውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ግን ሰዎቹን ማግኘት አለብን። ይህ መድኃኒት እንዲህ በአንዴ አይቀነስም። የወደቀ ሰው የት እንደሚወድቅ አይታወቅም።»

በአሰላ ሚኒባስ ተሳፈረ። ነፋሱ አቧራ እያነሣ መስኮቱን ይመታል፤ ሰው ሁሉ አንገቱን በነጠላና በኮት ሸፍኖ ተቀምጧል። አዋሽን ተሻግረው ደራ እስኪደርሱ ድረስ ያቺን አምስት መስመር የማትሞላ ደንብ በልቡ ደጋግሞ አነበባት። ስህተት አላገኘባትም።

ክሊኒኩ ውስጥ ጉደታ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ አልተቀመጠም። ብዙነህ ስክሪኑን ሲያይ መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈው በቀኝ በኩል ከታች ባለው ቀን ላይ ነው። ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ይላል።

«የሰዓቱ ባትሪ ደክሟል?»

«አልደከመም» አለ ጉደታ። «እኔ ነኝ ያስተካከልኩት።»

ጉደታ ሥራ የጀመረው በሁለት ሺህ አሥራ አራት መስከረም ነው። ኮምፒውተሩ የፈረንጅ ቀን ሲያሳይ አገኘው። ታካሚ ጥቅምት አምስት ተመለስ ሲባል ጥቅምት አምስት መሆን አለበት ብሎ ወደኛ ቀን መለሰው። የኛ ወር ሠላሳ ቀን ስለሆነ በየወሩ መባቻ ያርመዋል። ኮምፒውተሩ ለጳጉሜን ቦታ ስለሌለው በጳጉሜን ቀናት አይከፍተውም፤ በወረቀት ጽፎ ያቆያል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልተሳሳተም። ኢንተርኔት ስለሌለም ቀኑን መልሶ ወደ ፈረንጅ የሚያዞርበት አልነበረም።

ብዙነህ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን መዝገብ የታካሚዎቹን ልክ ሞልቶ አዳማ ላይ የጫነው እሱ ራሱ ነበር፤ በሱ ኮምፒውተር የፈረንጅ አቆጣጠር በሁለት ሺህ ሃያ አንድ። ጉደታ የሠራው ሁሉ ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ሰባት ያለውን ቁጥር ይዟል። ደንቡ ሁለቱን አስተያየ። ሃያ አንድ ከአሥራ ሰባት ይበልጣል። ሦስት ዓመቱን አሮጌ ነው ብሎ አጠፋው።

«እንግዲህ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ጉደታ። «ለክሊኒኩ ባለቤትም ነግሬአቸዋለሁ። ያሰናብቱኛል መሰለኝ።»

«ያንተ አይደለም። ቀኑ ትክክል ነው።»

«ኮምፒውተሩ ግን…»

«ቀኑ ትክክል ነው አልኩህ፣ ጉደታ። መጠየቅ ነበረበት። እኔ ነኝ አትጠይቅ ያልኩት።»

ሲስተር አረጋሽ ከበሩ ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር።

«ድሮ ካርድ ነበረን» አሉ። «ትዝ ይልሃል? ያ ሁሉ ወረቀት ምን ያደርግላችኋል ያልከን አንተ ነህ። ለቆሎ ሻጮች ሰጠነው፤ ጠቀለሉበት።»

ብዙነህ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። የጠፋውን ለመፈለግ የያዘውን መሣሪያ ሁሉ ሞከረ። በቦታው ላይ የሁለት ሳምንት አዲስ ጽሑፍ ስለተጻፈበት የተገኘው ቁርጥራጭ ነው፤ ስም አለ፣ ልክ የለም፤ ልክ አለ፣ ስም የለም። በደህና የቀረው የጉደታ የጳጉሜን ወረቀት ብቻ ነበር። የሦስት ጳጉሜን፣ አሥራ ስድስት ቀን።

ሲስተር አረጋሽ ሃያ ሦስቱን ስም በሁኔታቸው ክብደት አስቀመጡ። በየወሩ የሚወድቁት ከላይ፣ ደህና የቆዩት ከታች። ረቡዕን ሙሉ ደወሉ። ጉደታ ስልክ የሌላቸውን በባጃጅ እየዞረ ፈለገ። አንዷን ገበያ መሃል አገኛት። አንዱ ሰው ሦስት ጊዜ ወድቆ ጥርሱ ተሰብሯል፤ ክሊኒኩን ላለማስቀየም ዝም ማለቱን ተናገረ። ማታ ላይ ሃያ ሁለቱ ተገኝተዋል። የቀረው ከዝርዝሩ መጨረሻ የተጻፈው ነው። ጂብሪል፣ የሃያ ዓመት ወጣት፣ አዋሽ ዳር የሽንኩርት ማሳ የሚያጠጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ አልወደቀም። ስለዚህ ነው መጨረሻ ላይ የተጻፈው። ስለዚህም ነው ቤተሰቦቹ ውሃ ዳር እንዲሠራ የፈቀዱለት።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ብዙነህና ሲስተር አረጋሽ በባጃጅ ሄዱ። ከማሳው መግቢያ ላይ የውሃ መሳቢያው ሞተር ጠፍቶ አገኙት። በዚያ ሰዓት መጥፋት አልነበረበትም። ትንሽ አለፍ ብሎ ሸራ ተወጥሯል፤ ወንዶች ተቀምጠዋል።

«እንደርሳለን ብለን ነበር» አሉ ሲስተር አረጋሽ፣ ለማንም ሳይሆን።

ጂብሪልን ረቡዕ ማምሻውን ቦዩ ውስጥ ነው ያገኙት። ውሃው ከጉልበት አያልፍም። ጠዋት ተቀብሯል።

እናቱ ዙለይካ ከሴቶቹ መሃል ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሲስተር አረጋሽን ሲያዩ እጃቸውን ያዙ።

«መድኃኒቱን ቀነሱልኝ ብሎ መጣ እኮ» አሉ። «ደስ አለን። ተሽሎህ ነው አልኩት። ለሰፈሩ ሁሉ ነግሬ ነበር፤ ልጄ ዳነ፣ ቀነሱለት ብዬ።»

ሲስተር አረጋሽ አንገታቸውን ደፉ። ብዙነህ ከኋላቸው ቆሞ ነበር፤ ጎንበስ አለ።

«አዴ ዙለይካ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩት።

«አንተ ሐኪም ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ክኒን ሰጪው ነህ?»

«አይደለሁም። ኮምፒውተሩ ላይ የሚጫነውን የምሠራው እኔ ነኝ።»

አልገባቸውም። ብዙነህ ኦሮምኛ ከሰፈር ልጆች ጋር ሲጫወት ነው የለመደው፤ ከአማርኛው አያንስበትም። በኦሮምኛ ሞከረ። መዝገብ አለ፤ ሁለት ነበሩ፤ ማሽኑ አንዱን መረጠ፤ እንዲመርጥ ያደረግኩት እኔ ነኝ። በገዛ ጆሮው ሲሰማው ወሬው እየራቀ፣ እየቀለለ ሄደ። ሰበብ የሚፈልግ ሰው የሚያወራው መሰለ።

«ደራ ነው የምትሠራው?» አሉት።

«አዳማ ነኝ።»

«አዳማ ተቀምጠህ የኔን ልጅ በምን አግኝተኸው?» አሉ ዙለይካ። «ውሃው ነው የወሰደው። ሂድ ልጄ፣ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥ። ፀሐይ ላይ አትቁም።»

ሄዶ ተቀመጠ። ማንም ማን ነህ አላለውም። ውሃ በጣሳ ሰጡት፣ ጠጣ። ሲመለሱ ባጃጁ ውስጥ ሲስተር አረጋሽ አንዴ ብቻ ተናገሩ።

«ዝርዝሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። መጨረሻ ያደረግኩትም እኔ።»

ደራ ሲደርሱ ብዙነህ ወረቀት ጠየቀ። 

ለክሊኒኩ ባለቤት ጥፋቱ የሱ መሆኑን በደብዳቤ ጽፎ ፈረመ። ጉደታ ከሥራው አልተነሣም። ካርድ አሠርቶ ወደ ወረቀት ተመልሷል፤ ኮምፒውተሩ ጨርቅ ተደርቦበት ጥግ ተቀምጧል።

አዳማ ሲገባ ብዙነህ ጥያቄውን ወደ ቦታው መለሰ። ሁለቱንም መዝገብ ከነቀናቸው፣ ከነመጨረሻው የታካሚ ስም ያሳያል፤ ሰው እስኪመርጥ ይቆማል፤ ያልተመረጠውንም አያጠፋም። ሥራው ከግማሽ ቀን አልወሰደም። ከዚያ ፍላሽ የወሰዱትን እያስታወሰ በደብተር ጻፈና መደወል ጀመረ። ሃምሳ አራት ቦታ አገኘ። የአቦምሳው መድኃኒት ቤት ባለቤት ለሁለት ክሊኒኮች መስጠቱን ነገረው፤ እነሱ ደግሞ ለማን እንደሰጡ አያውቅም። የትምህርት ቤታቸውን ክሊኒክ መዝገብ የሚይዘው የኩየራው አስተማሪ አዲሱ መጫኛ እንደሚጠይቅ ሲሰማ ሳቀ።

«እንደገና መጠየቅ ጀመረ? ያኛው ይሻለን ነበር እኮ። እሱን ላከው ካላስቸገረህ።»

«እሱን አጥፋው። ያላችሁን ሁሉ አጥፉ።»

«እኛ ጋ ምንም አላጠፋም።»

«ኮምፒውተራችሁ ስንት ዓመተ ምሕረት ይላል?»

ከሰዎች እንደሰማው አሁንም በፍላሽ የሚዞረው የድሮው ነው። እዚያው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ባለ አንድ ሱቅ በር ላይ «የማይጠይቀው አለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ብዙነህ ገብቶ እንዲያነሡት ለመነ። አነሡት። በሳምንቱ ሌላ ሱቅ ላይ አየው። «ገልብጣችሁ ለሌላ ስጡ» የሚለው የራሱ ጽሑፍ አሁንም ከፊቱ ይነበባል፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥሩ አለ።

በዚያው ቁጥር ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰው ደወለ። ድምፁ የትልቅ ሰው ነው።

«የፍላሹ ብዙነህ አንተ ነህ?»

«ነኝ። ማን ልበል?»

«አታውቀኝም። ትንሽ ክሊኒክ አለችኝ፣ ከከተማ ራቅ ያለች። ፍላሽህ በሰው እጅ ደረሰኝና ትናንት ጫንኩት። ላመሰግንህ ነው። አንድ ነገር ሳይጠይቅ ጨረሰ።»

ብዙነህ ደብተሩን ወደ ራሱ ሳበ።

«አባቴ፣ ኮምፒውተሩ አጠገብዎ ነው?»

«አለ፣ ፊቴ ነው።»

«በቀኝ በኩል ከታች፣ ከሰዓቱ ሥር ቀን አለ። ዓመቱን ያንብቡልኝ።»

«ትንሽ ነች ጽሕፈቷ። ቆይ፣ መነጽሬን ላምጣ።»

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ፤ ቀጥሎ እየራቀ የሚሄድ የእግር ኮቴ። ብዙነህ እስክሪብቶውን ይዞ ጠበቀ።