ስልክ የሰረቀው ለፋፊ

ወንድሜ ማረፉን ያወቅሁት አመተሥላሴ ስልኬን ስትወስድብኝ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነበር። በረንዳ ላይ ተቀምጬ የበግ ጠጉር እፈትላለሁ። አመተሥላሴ ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ የገበያ ጎረቤቴ ናት። በግቢው በር ገብታ ቆመችና አየችኝ።

«ወሰንየለሽ፣ እስቲ ስልክሽን ስጪኝ» አለች።

«የራስሽስ?»

«ሂሳብ የለውም። ልደውልበት ነው።»

«ለማን?»

«ለመንግሥት» አለች።

ሰጠኋት። ነጠላዋ ሥር ከተተችውና ተመልሳ ወጣች። አልደወለችም። እኔም መልሺልኝ አላልኳትም። እንዝርቴን አንስቼ መፍተሌን ቀጠልኩ። ይህ ለምን መርዶ እንደሆነ እንዲገባችሁ ስለ ወንድሜ ስለ ፈንታ ማውራት አለብኝ።

ጋሼ ፈንታ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ የሰፈራችን እድር ለፋፊ ነበር። እንጀራው ከበግ ጠጉር ባና፣ ማለትም ብርድ ልብስ፣ መሸመን ነው፤ የሚታወቀው ግን በጥሩምባው ነው። ሰው ሲሞት ማለዳ ይወጣና ይነፋል፣ የሟቹን ስም ይጠራል፣ የቀብሩን ሰዓት ይናገራል፣ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ብሎ ወደሚቀጥለው መንደር ያልፋል። ሳንባ ያለው ሁሉ የሚሠራው ሥራ ይመስላል። እሱ ግን «መንፋቱ ቀላል ነው፤ ከባዱ የማይነፋበትን ማወቅ ነው» ይል ነበር።

እንዲህ ነው። አንድ የእድራችን ሰው ሩቅ አገር ዘመድ ሞቶበት ገና ካልሰማ፣ በዚያ ሰፈር ጥሩምባ አይነፋም። ፈንታ በጓሮ በጓሮ ዞሮ ለሽማግሌዎቹ በጆሯቸው ይነግራቸዋል። እነሱም በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከቄሱ ጋር ሆነው ይሄዱና በሩን ያንኳኳሉ። ባለቤቱ ተቀምጦ፣ ሰው በግራና በቀኝ ይዞት፣ ያኔ መርዶውን ይረዳል። የመጀመሪያው ለቅሶ ከዚያ ቤት ከተሰማ በኋላ ነው ጥሩምባው የሚነፋው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የመጨረሻው ሰሚ ባለሐዘኑ ነው። ለዚህ ሲባል አንድ ሙሉ ሰፈር አንድ ቀን ሙሉ ሲዋሽ አይቻለሁ።

ፈንታ ከዚህ ሥራው ሌላ ምንም ነገር አያምንም ነበር። መንግሥትን፣ ኩባንያን፣ ስልክን፣ የአየር ትንበያን ሁሉንም እኩል ይጠረጥራል።

«መንግሥት ሲመጣ ስብሰባ ይጠራናል» ይላል መወርወሪያውን እየወረወረ። «ሲሄድ ግን በሬዲዮ ነው የምንሰማው።»

«ጋሼ፣ ሰው ይሰማሃል» እለዋለሁ።

«ይስማ። ለፋፊ አይደለሁ እንዴ?»

ስለ ስልክ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ድሮ ስማችንን የሚመዘግብ ሰላይ ደመወዝ ነበረው። ዛሬ እኛው ስልኩን ገዝተን፣ ካርድ ሞልተን፣ የት እንዳደርን እንነግራቸዋለን። ሰላዩ ምስኪን ሥራ ፈታ።»

እሱም ስልክ ነበረችው፤ ባትሪ ያላት ትንሽ ባለቁልፍ ስልክ። ማለዳ ሲወጣ መንገድ ታበራለታለች። ስትጠራ ይቆጣል። «ባትሪዬ ጮኸች» እያለ እኔ ጋ ይዟት ይመጣና አነሳለታለሁ። የኔን ስልክ ግን ይወዳታል። የሌላ አገር ለፋፊዎች ቪዲዮ እንዳሳየው ያደርገኛል፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እያለፈ ሁሉንም ያማል። «ይሄማ የሠርግ ነው» ይላል። «ሟቹ ሰምቶ ቢነሳና ቢጨፍር አይገርመኝም።»

የእድራችን ሊቀመንበር ሀዲስ ነው። ቢሮ የሚሠራ፣ ትጉህ፣ ለእድሩ የሚጨነቅ ሰው ነው። ጥፋቱ አዲስ ነገር ሲያይ መደሰቱ ብቻ ነው። አንድ እሑድ ከአዲስ አበባ ከመጣ ኩባንያ አንዲት ልጅ ይዞልን መጣ። እየሩስ ትባላለች። የኩባንያውን ኮፍያ አድርጋለች። በእድሩ ድንኳን ሥር ተሰብስበን፣ ኩባንያው ለእድሮች ስለሠራው አፕ አስረዳችን። ሰው ሲሞት ሊቀመንበሩ አንዴ ይጽፋል፤ መልእክቱ ለአባላቱ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይደርሳል።

ፈንታ ከኋላ ተነሣ። «ስንት ነው?»

«በነጻ ነው አባት» አለች።

«በነጻ ከሆነ ኩባንያው ምን ይበላል?»

«የኩባንያው ዓላማ ኅብረተሰቡን ማገልገል ነው።»

«ልጄ፣ በግም እኮ ሲሸልቷት ጀርባዋን የሚያኩላት ይመስላታል።»

ሰው ሳቀ። እየሩስም ሳቀች፤ ደግ ልጅ ናት። «የምትልኩት ነገር በፍጹም አይጠፋም፣ ደመና ላይ ነው የሚቀመጠው» አለችው።

«የኛን ደመና አታውቂውማ። ጓሳ ተራራ ላይ ደመና ውስጥ የገባ በግ፣ ከባለቤቱ ቀድሞ የሚያገኘው ጅብ ነው።»

ሳቁ የሱ ሆነ፤ ድምፁ ግን የሀዲስ። እጅ ወጣና አፑ አለፈ። እኔም እጄን አውጥቻለሁ፤ በብርድ ማለዳ እየወጣ ደረቱ ሲጮኽ እሰማ ነበርና ይረፍ ብዬ ነው። ሀዲስ ሊያጽናናው ፈልጎ «ጋሽ ፈንታ፣ ጥሩምባዎን ለመታሰቢያ እድሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን» አለው።

«እኔንም አብራችሁ ስቀሉኝ።»

ወደ ቤት ስንሄድ፣ ወንዟ መሻገሪያ ላይ ቆመና «ሥራዬን መውሰዳቸው አይደለም» አለኝ። «ያ ነገር በጓሮ ዞሮ መሄድ አይችልም።» ነገሩ ያኔ አልገባኝም።

የገባኝ በገበያ ቀን ነው። ማሙሽ የሚባል የአመተሥላሴ ወንድም ነበር፤ ደብረ ብርሃን መኪና ይነዳል። በድንገት ታሞ ሆስፒታል ገባ፣ እዚያው አረፈ። ወሬው ለሀዲስ ተደወለለት። ሀዲስም ጻፈ። ከዚያ ደስ ብሎት ወደ ፈንታ መሸመኛ ሄደ። ይህን በኋላ ራሱ ሀዲስ ነው ያጫወተኝ።

«ጋሽ ፈንታ፣ እርስዎ ጫማዎን ሳያጠልቁ እኔ ጨረስኩት» አለው።

«ማን ሞተ?»

«ማሙሽ። የአመተሥላሴ ወንድም።»

«ለማን ለማን ላክኸው?»

«ለሁሉም ነዋ።»

«አመተሥላሴ ሁሉም ውስጥ አለች?»

ፈንታ ሽመናውን ጥሎ፣ በዚያ በሚጮኽ ደረቱ ወደ ገበያ ሮጠ።

እኔ ከአመተሥላሴ ጎን ፈትሌን ዘርግቻለሁ። ገበያ ውስጥ ኔትወርክ ይዘገያልና ስልኬ ጢን ያለው ገና ያኔ ነው፤ አየሁት። የማሙሽ ስም አለ። ከሥሩ ኩባንያው ያስገባው የፍራሽ ማስታወቂያ ነበር፤ ፎቶውም አለ፤ «በምቾት ይተኙ» ይላል። አንዳንዱ አባል ደግሞ ሰምተናል ለማለት አውራ ጣቱን ቀስሮበታል። ቀና ስል የአመተሥላሴም ስልክ ጉያዋ ውስጥ ጢን አለ። ሚዛን ይዛ ለደንበኛ ነጭ ሽንኩርት ትመዝናለች። ሚዛኑን እንዳስቀመጠች ታየዋለች። ምን ልበላት?

ፈንታ በዚያች ሰዓት ደረሰ። ላቡን በኮቱ እጅጌ ጠረገና ድካሙን ዋጠው።

«አንቺ፣ ስልክሽን ስጪኝ» አላት።

«እርስዎ? ስልክ?»

«ልደውል ነው።»

«ለማን?»

«ለመንግሥት።»

ሳቋ መጣ። «ምን ሊሉት?»

«አለህ ወይ ልለው።»

እየሳቀች ከጉያዋ አውጥታ ሰጠችው። እሱም ኪሱ ከተተና ዞሮ ሄደ።

«ኧረ ጋሽ ፈንታ፣ ስልኬን!»

«መስመሩ ተይዟል!» አለ ሳይዞር።

ያን ቀን ገበያው የሆነውን አልረሳም። ስልክ ያለው ሁሉ ስልኩን ደበቀ። ወሬው ካንዱ ወዳንዱ ሄደ፤ ሰው እየመጣ ነጭ ሽንኩርት ይገዛት ጀመር። በዋጋ ማንም አልተከራከራትም። ነጭ ሽንኩርት ራሱ የሚያመርት፣ ከዘመሮ የመጣ ገበሬ ሳይቀር ገዛ። እኔም ገዛሁ። አመተሥላሴ ባዶ ጆንያዋን እያራገፈች «ዛሬ ምን ቀን ነው?» አለችኝ። «የሰው ልብ እንዲህ የሚራራበት።»

«ገበያው ነዋ» አልኳት።

ስልኳ ግን አልመጣም። አመሻሹ ላይ ተናዳ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። «ፈንታ ስልኬን ሰረቀኝ» አለች። የተቀበላት ፖሊስ የእድራችን አባል ነው፤ እሱም ሰምቷል። በትልቅ ቁም ነገር ቃሏን ተቀብሎ «እናጣራለን፣ እስከ ነገ ጠዋት ታገሺ» ብሎ መለሳት።

ጎህ ሲቀድ ቄስ ገብረ አማኑኤልና ሽማግሌዎቹ በሯን አንኳኩ። ፈንታም አብሮ ነበር። በሰው መሐል ተቀምጣ፣ ተይዛ፣ መርዶዋን ተረዳች። ከቀብር በኋላ ስልኩን ሲመልስላት እጁን ይዛ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ግን ሌባ ከማለት በቀር በስሙ ጠርታው አታውቅም።

«ሌባው እንዴት አደሩ?» ትለዋለች በመንገድ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ስልክሽን ጠበቅ አድርጊ።»

ሀዲስ ከዚያ ሐዘን በኋላ ቀና ብሎ መሄድ ተሳነው። እድሩን ሰበሰበ፤ እየሩስም ተጠርታ መጣች። ለዚህ መላ አለው አለች፦ እያንዳንዱ አባል የዘመዶቹን ስም አፑ ላይ ይሞላል፤ ዘመድ የሞተበት ሰው መልእክቱ አይደርሰውም።

«ዘመዶቼን በሙሉ ለኩባንያ ልንገር?» አለ ፈንታ።

«አገልግሎታችንን ለማሻሻል ይረዳናል አባት።»

«ሞቴን ልታሻሽሉልኝ?» ከዚያ ረጋ አለ። «ይሁን፣ ልንገራችሁ። የጡት ልጅ አለ፣ የክርስትና ልጅ አለ፣ ተጣልተው የማይነጋገሩ ግን አንዱ ቢሞት ሌላው የሚወድቅ ወንድማማቾች አሉ። ማን እንደሚያለቅስ ኩባንያው በምን ያውቃል?»

«ስለ እሱ አለቆቼን እጠይቃለሁ» አለች እየሩስ። እስካሁን መልስ አልመጣም። እድሩ በአንድ ድምፅ ወሰነ፤ መጀመሪያ ሽማግሌ፣ ከዚያ ጥሩምባ፣ ከዚያ ስልክ።

«አሸነፍክ ጋሼ» አልኩት ስንመለስ።

«ምን ማሸነፍ ነው፣ ወረፋ ነው ያስያዝነው» አለ። ሲስቅ ግን አየሁት።

ባለፈው ክረምት ደረቱ ባሰበት። ደብረ ብርሃን ወስጄው አብሬው ሰነበትኩ። አልጋው ላይ ሆኖም አልተወም። ነርሷ ኮምፒውተር ላይ ስሙን አጥታ ስትፈልግ «ተያት ልጄ፣ ደመና ላይ ወጥቼ ይሆናል» አላት። እሱ ራሱ ነው ወደ ቤት የመለሰኝ። «ልብስሽን ቀይረሽ፣ ቤቱን አይተሽ ነይ» አለኝ። ቤቱን ልይ ብዬ ሄድኩ። አመተሥላሴ ስልኬን የወሰደችው ያኔ ነው።

ስትወጣ ከኋላዋ አየኋት። በሩ ጋ ሀዲስ ቆሟል፤ ሲያየኝ ወደ አጥሩ ጥግ ፈቀቅ አለ። ጎረቤቶቼ ሲያልፉ ሰላምታቸው ረዘመ። ትንሽ ቆይቶ አንዷ ሽሮ አምጥታልኝ «ተርፎኝ ነው» አለች። ሁሉንም እንደማያውቅ ሰው ተቀበልኩ። ሁሉም በደንብ ዋሹኝ፤ እኔም በደንብ ዋሸኋቸው። ጋሼ የደከመበትን ነገር ላበላሽበት አልፈለግሁም።

ሲመሽ ቤቱን ጠረግሁ። አግዳሚውን ከጓዳ አወጣሁ፤ ለቄሱ ባናው የተነጠፈበትን መደብ አዘጋጀሁ። ባናውን የሸመነው እሱ ነው። ከዚያ ጋደም አልኩ።

ጎህ ሲቀድ አንኳኩ። ማነው ብዬ ጠየቅሁ። ከፈትኩ። ቄስ ገብረ አማኑኤል ገቡና የተደረደረውን መቀመጫ አዩ።

«እንግዳ ነበረብሽ እንዴ ልጄ?»

«የለም አባ፣ ቤት ስጠርግ ነው።»

ተቀመጡ። አመተሥላሴ በቀኜ፣ ሌላዋ ጎረቤቴ በግራዬ ያዙኝ። ቄሱ ነገሩኝ። የማውቀውን ነገር ነው የነገሩኝ፤ ያን ጊዜ ግን እንደ አዲስ ሰማሁት። ቢይዙኝ ጥሩ ሆነ።

ለቅሶዬ ከተሰማ በኋላ ጥሩምባ መነፋት ነበረበት። የሚነፋው ሰው የለም። ሀዲስ አነሳውና ወደ መንገዱ ወጣ። የመጀመሪያው ድምፅ እናቱ ጥላው እንደሄደች ጥጃ ነበር፤ ሁለተኛው ከዚያ የባሰ። ውጭ የቆመው ለቀስተኛ ሳቀ፤ እኔም ድንኳን ሳይተከል ሳቅሁ። ጋሼ ቢኖር «ይሄማ ሟቹን ያስነሳል» ይል ነበር። ስሙን ግን ሀዲስ በደንብ ጠራው፤ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» አለ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰማ። መልእክቱ በስልክ የተላከው ከዚያ በኋላ ነው። ከሥሩ የምን ማስታወቂያ እንደነበር ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

አመተሥላሴ ስልኬን ከሠልስት በኋላ መለሰችልኝ። «መንግሥት አነሳ?» አልኳት። «መስመሩ ተይዟል» አለችኝ።

አርባው ወጥቷል። ጥሩምባው እኔ ቤት ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። እድሩ ሌላ ለፋፊ ገና አልመረጠም።