ሚጢጢና የደቻቱ አሸዋ

ሰሞኑን ልጄ ከጫማ የማትበልጥ ውሻ ቤቴ አስገብታ ጥግ ላይ ጋዜጣ አነጠፈችላት። ዛሬ ከመኝታዬ ሳልነሳ ሽታው ደረሰኝ። የራሰ ወረቀትና የቀለም ሽታ፣ ከሥሩ ደግሞ ዓይን የሚያቃጥል ሽንት። አፍንጫዬን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ሐሳቤ ግን ድሬዳዋ ገብቶ ነበር።

ውሻ ወዳድ እንዳልመስልህ። የውሻ ቦታው ደጅ ነው ብሎ ያሳደገኝ አባቴ ነው፤ ዛሬም ከዚህ ንቅንቅ አልልም።

አባቴ በንጉሡ ዘመን የባቡር ሠራተኛ ነበር። ፈረንጅ አለቃው ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ሲያስር፣ ጸጉሩ የተጠቀለለ ነጭ ቡችላውን ከአንድ እስር የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ጋር ሰጠው። ቡችላው ከተወለደ ጀምሮ የሚጸዳዳው በጋዜጣ ላይ ነበር። አባቴ የአለቃ ስጦታ አይመለስም ብሎ በካኪ ሸሚዙ ሸሽጎ ሰፈራችን መጋላ አመጣው። ደጅ እንዳናስረው፣ የሰፈሩ ውሾች በአንድ ጉርሻ ይውጡት ነበር።

ታናሽ እህቴን ያኔ ወባ አልጋ ላይ ጥሏታል፤ ምግብ ካስጠላት ሰንብቷል። ቡችላው እግሯ ሥር ሲጋደም ግን ሾርባዋን ጨረሰች። ስሙንም ሚጢጢ አለችው። እናቴ፣ "በቃ ይቀመጥ" አለች።

ቤቱን ያከራዩን ሶማሌ ሴት ነጋዴ ነበሩ፤ ሁላችንም አዴ፣ እናታችን እንደማለት፣ ነበር የምንላቸው። ከበራችን ፊት ለፊት በረንዳቸውን አጥበው፣ ሰሌን አንጥፈው ይሰግዳሉ። ቡችላውን እንዳዩት ጠሩኝ።

"ዋሪያ፣ ይሄ ነጃሳ ነው። በረንዳዬን ከነካ ሰባቴ ነው የማጥበው። ውሃውን አንተ ልትቀዳ ነው? ሥርዓት አስተምሩት። ካልሆነ ወይ እሱ ይወጣል፣ ወይ እናንተ።"

"እሺ አዴ" አለች እናቴ። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ሰማህ አይደል? ያንተ ሥራ ነው" አለ።

ጋዜጣው እስኪያልቅ የእኔ ሥራ መጠቅለልና መጣል ነበር። በድሬ ሙቀት ያ ምን ማለት እንደሆነ ልንገርህ? ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትመታው ሽታው ከወለሉ ተነሥቶ ጉሮሮ ውስጥ ይቀመጣል። ዝንቡ ከጥጉ ተነሥቶ እንጀራዬ ላይ ያርፋል። ምራቄን መዋጥ እየተጸየፍኩ እበላ ነበር።

የፈረንሳይኛው ሲያልቅ እናቴ የአማርኛውን ጋዜጣ አወጣች። አባቴ ከእጇ ነጠቃት።

"የጃንሆይ ፎቶ ያለበት ላይ ውሻ ሸና ቢባል ማን ያወጣኛል?"

"ፎቶውን ቀዶ ማውጣት ነዋ።"

"እኔም አልሰጥም" አልኩ። ትምህርት ቤት የማያውቀኝ ልጅ ፊደል የለየሁት በዚያ ጋዜጣ ነው። አባቴ አተኩሮ አየኝና፣ "ደቻቱ ውሰደው፤ አሸዋ ሞልቷል" አለ።

ጧት ጧት ተሸክሜው ወደ ደረቁ ወንዝ እወርዳለሁ። ሚጢጢ አሸዋው ላይ እግሩን በየተራ እያነሣ ይቆማል እንጂ አይጸዳዳም። ይዞት ይቆይና ቤት ስንገባ ይለቀዋል፤ አንዳንዴ ወለሉ ላይ፣ አንዳንዴ ጫማዬ ውስጥ። እግሬን ሳስገባ የተሰማኝ ሙቀት ዛሬም ያንገፈግፈኛል።

ከጀልዴሳ ወተት ይዘው የሚመጡ ሴቶች ቆመው ያዩኛል። አንዷ፣ "አቦ፣ በግህ ቆንጆ ነው። ለአረፋ ይደርሳል?" ስትል ሌሎቹ በሳቅ ፈረሱ።

አንድ ቀን ተናድጄ፣ ጥግ ላይ የቀረውን የመጨረሻ እርጥብ ጋዜጣ በጣቴ ጫፍ አንጠልጥዬ ደቻቱ ወረድኩ። አሸዋው ላይ ዘርግቼ ጠርዙን በድንጋይ ያዝኩት። ሚጢጢ አሸተተው፤ ዞረ፤ ተቀመጠበት። ከዚያ ወዲያ ያችኑ ወረቀት በየቀኑ እየቀደድኩ አሳነስኳት። መዳፍ አከለች፤ ከዚያም ጠፋች። አሸዋው ብቻ በቃው።

ውሎ አድሮ በሩን ቧጥጦ ብቻውን ወርዶ የሚመለስ ሆነ። አዴ ከሰሌናቸው ላይ ሆነው ያዩታል። "ወላሂ፣ ግድግዳዬ ላይ ከሚሸኑት ወንዶች ይሄ ይሻላል" አሉ። እህቴም ከአልጋዋ ተነሥታ እስከ በሩ ትሸኘው ጀመር። ልጄ ዛሬ ይህ ትዕግሥት ቢኖራት ቤቴ ባልገማ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ በሐረር ተራሮች በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ሚጢጢ በሩን ቧጠጠ፤ ከፈትኩለት። ብዙም ሳይቆይ የጭነት ባቡር የመሰለ ድምፅ ተሰማና ሰዎች፣ "ደራሽ! ደራሽ!" እያሉ ሮጡ። ወንዙ ዳር ስደርስ አሸዋ የሚባል የለም። ቡናማው ውሃ ዛፍ ከነሥሩ እየገለበጠ ይወርዳል።

አባቴ ከሥራ ሲመለስ ዳሩ ላይ አገኘኝ። እህቴ ከኋላችን በቀጫጭን እግሮቿ መጣች።

"ማዶ ተሻግሮ ነው?" አለች።

አባቴ ለትንሽ ውሸት በቀበቶ የሚገርፈኝ ሰው ነበር። እጁን ዘርግቶ ከውሃው ወዲያ አመለከተ።

"አዎ፣ ማዶ ነው። ውሃው ሲጎድል ይመጣል።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ምን እንደሚጠብቅብኝ ገባኝ።

"አይቼዋለሁ፤ ማዶ ቆሟል" አልኩ።

እህቴ ጭቃው ላይ ተቀምጣ መጣራት ጀመረች። ድምጿ በውሃው ተዋጠ። አባቴ በዘይት በወየበ የሥራ ልብሱ ጭቃው ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። እጆቹን አፉ ላይ አድርጎ፣ በሚችለው ድምፅ ሁሉ፣ "ሚጢጢ!" ሲል ተጣራ።