ማርከሻውን የፈተንኩ ቀን

ቆቦ ገበያ መሀል፣ ስንቱን አድኛለሁ የሚለውን መድኃኒት አዋቂ በአንድ እፍኝ ንፍሮ አሳብጄዋለሁ። መርዝ የለበት፣ ድግምት የለበት። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ወላሂ፣ እኔም ባላየው አላምንም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በሚስቴ ነው። ማሽላችን ውስጥ አስተናግር የሚባለው አረም በቅሎ ኖሮ ፍሬው ከእህሉ ጋር ተወቃ። አስተናግር እንደ ስሙ ነው፤ የበላው ሰው ሲለፈልፍ ይውላል። ሚስቴ ግመላችንን "አንቱ" እያለች ስታዋራ ባይ፣ ሮጬ ከሰውዬው ማርከሻ አመጣሁ። በብልቃጥ ያለ አረንጓዴ ውሃ ነው። ባጠጣኋት ቁጥር ባሰባት። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ወስጃት በስንት መከራ ተረፈች።

ሰውዬው ዝም ቢል እኮ እተወው ነበር። "ማርከሻዬ ምን ያርግ? ሴትዮዋ ድሮም ልክ አልነበረችም" ብሎ ለየሰዉ አወራ። "እብዷ መጣች" ሲሏት ጊዜ ሚስቴ ገበያ መውጣት ተወች። ይቺን ነው ያልማርኩት።

ትምህርት ቤት ብዙም አልቆየሁም፤ ለተንኮል ዲግሪ ቢሰጥ ግን ጋዋን ለባሽ ነበርኩ። በገበያ ቀን ንፍሮ ቀቅዬ፣ ጥቁር አዝሙድ ነስንሼበት፣ ሚስቴን በግድ ይዤ ሰውዬው ዘንድ ሄድኩ።

"አያ፣ እስቲ ቅመሱልኝ።"

እፍኝ ሙሉ ቃመ። እስኪውጥ ጠበቅኩት።

"ይጣፍጣል። ጥቁር ጥቁሩ ምንድን ነው?"

"አስተናግር ነው። አብሽሩ፣ ማርከሻው እጅዎ ላይ አይደል?"

ፊቱ አመድ መሰለ። ጥቁር አዝሙድ በምላሱ እንኳን አልለየም፣ መድኃኒት አዋቂ ተብዬው! ብልቃጡን ከፍቼ "እንኩ ይጠጡ፣ ሰው ይይልዎት" ስለው ገፈተረኝ።

"አፌ ደረቀ! ልቤ ልትወጣ ነው! ኧረ ባጃጅ ጥሩልኝ!"

"መጀመሪያ ማርከሻውን!"

"የምን ማርከሻ! የጎመን ቅቅል ውሃ ነው! ሚስትህንስ መች አዳናት? ጤና ጣቢያ አድርሱኝ!"

አስተናግር ሳይቀምስ ሁሉን ተናገረ። ሚስቴ የቀረውን ንፍሮ ከእጄ ነጥቃ ሁሉም እያያት ቃመችና "እንግዲህ እብዱ ማነው?" አለች። ገበያው በሳቅ ተናጋ። ጥቁር አዝሙድ መሆኑን የነገርኩት ባጃጁ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው፤ ምን አስቸኮለኝ?

ውሸታም የምትሉኝ ቆቦ ውረዱና ሽንኩርት የሚሸጡትን ሴቶች ጠይቁ። እነሱን ካላመናችሁ ራሱን ጠይቁት፤ ቆቦን ለቆ አሁን ጎብዬ ከተማ ነው አሉ። ንፍሮ ይዛችሁ ሂዱ።