የጋሽ ሙሄ ሞተር አልሰማ አለ

እሁድ ከሰዓት ነው... መርሳ ያለችውን የሞባይልና የኮምፒውተር መጠገኛዬን ዘግቼ ልወጣ ስል ስልኬ ጠራ። ጋሽ ሙሄ ናቸው።

«ልጄ፣ ቶሎ ድረስልኝ! መኪናዬ ሞተሯ አይሰማም!» ብለው እኔ ቃል ሳልተነፍስ ዘጉት።

ጋሽ ሙሄ ከመርሳ ወልድያ የሚሠሩ የሚኒባስ ሹፌር ናቸው። እኔም ወልድያ ስሄድ ብዙ ጊዜ የምሳፈረው ከሳቸው ጋር ነው። እኔ መካኒክ አይደለሁ፣ ምን ላደርግ ነው እያልኩ ሄድኩ። ቤታቸው ስደርስ ሚኒባሷ ደጅ ላይ በሰላም ቆማለች። የታመመችው ኮምፒውተር ውስጥ ያለችው መኪና ናት!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጅዳ ያለችው ልጃቸው ለወንድሟ የመኪና ውድድር ጌም የሚጫወትበት መሪ ከነፔዳሉ፣ ከነማርሹ ላከችለት። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ዕቃው ሳሎን ቀረ። ነዳጅ ጠፍቶ ሥራ በተፈታ ሰሞን ጋሽ ሙሄ «ይቺ የልጅ ነገር» እያሉ ቀመሷት... በዚያው ለመዱ። አሁን እሁድ እሁድ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ይነዳሉ።

«እያት» አሉኝ መሪውን እንደያዙ። «እንደ ስፌት መኪና እንኳ ድምፅ የላትም። ማርሽ በምን ልቀይር?»

«ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ቆጣሪ ያሳይዎታል እኮ!» አልኩ ጮክ ብዬ። እዚህ ቤት ሁሉም ሰው እየጮኸ ነው የሚያወራው። እኔም የቤቱ ወግ መስሎኝ አብሬ ስጮህ ኖሬያለሁ።

«ሹፌር ቆጣሪ አያይም ልጄ። ሞተሩን አዳምጦ ነው ማርሽ የሚቀይር። ሠላሳ ዓመት እንዲያ ነው የነዳሁት።»

የጌሙ ድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ገባሁ። የጎማውን፣ የንፋሱንና የሌሎቹን መኪኖች ድምፅ ዝቅ አድርጌ የሞተሩን እስከ ጥግ ወሰድኩት። «አሁንስ?» «ምንም።» ኮምፒውተሩ ድምፁን ለስድስት ስፒከር እያከፋፈለ ከሆነ የሞተሩ ድምፅ በሌለ ስፒከር ሊቀር ይችላል ብዬ ወደ ሁለት መለስኩት። «አሁንስ?» «ጨምርበት።»

እውነቱን ልናገር... ለኔ ደህና አድርጎ ይሰማኛል። ግን ስለ ሞተር ከሠላሳ ዓመት ሹፌር ጋር ምን ብዬ ልከራከር? የጠረጠርኩት የራሴን ጆሮ ነው። ሱቅ ተመልሼ ትልቁን ስፒከር ተሸክሜ መጣሁ። ስከፍተው የቡፌው መስታወት ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

ይሄኔ ጎረቤታቸው እየሮጠች ገባች።

«ጋሽ ሙሄ! የጭነት መኪና ግቢ ድረስ ማን አስገባብን? ልጅ አስተኝቻለሁ እኮ!»

እሳቸው ጀርባቸውን እንደሰጧት ዞር እንኳ አላሉም።

«ትንሽ ጨምርበት» አሉኝ።

ክው አልኩ። ባለቤታቸውን እትዬ ዘይነብን ሳያቸው አቀረቀሩ። ከዚያ በምልክት ወደ ጓሮ ጠሩኝ።

«አወቅህ አይደል?» አሉኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ያረቢ... እኔ መጮህ ከጀመርኩ ስንት ዘመኔ! ረዳቱም ወራጅ ሲኖር ጣሪያውን በጥፊ ነው የሚለው፤ ንዝረቱን ያውቀዋል። ለሱ ግን ደህና የሚሰማ ይመስለዋል። እኔ ስነግረው ይቆጣል፤ አንተ ንገረው ልጄ። ብቻ እንደው... ሥራውን ከተወ ደግሞ በምን ልንኖር ነው?»

ስፒከር ላስተካክል የመጣሁት ሰውዬ ገብቼ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«ጋሽ ሙሄ፣ ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም። እስቲ ጆሮዎን... ወልድያ ሐኪም ጋ አብረን ብንሄድስ?»

ፊታቸው ጠቆረ።

«ጆሮዬ ምን ሆነና? ጆሮዬ ቢታመም የሰው ነፍስ ይዤ መንገድ እወጣ ነበር? አላህ ይጠብቀኝ!»

ብድግ ብለው ትልቁን ስፒከር አመጡና ጉልበታቸው መሃል አጣብቀው ተቀመጡ። ከዚያ ነዱ። አንደኛ... ሁለተኛ... ሦስተኛ... አንዷን ማርሽ እንኳ ሳይስቱ፣ ቅቤ ላይ እንደሚሄድ። ፊታቸው ሲበራ ማየት ነበር!

«ይኸው መጣች! ስፒከሩ ርቆ ነው ለካ! አላህ እጅህን ይባርከው!»

እትዬ ዘይነብ በር ላይ ቆመው ያዩኛል።

«እ... አዎ፣ ተስተካከለች» አልኩና አፍሬ ወጣሁ።

«ለትራፊክ አትናገርም ወይ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። ሁለት ጊዜ ስልኬን አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። ብናገር የአንድ ቤት እንጀራ እዘጋለሁ፤ ዝም ብል ደግሞ መኪናዋ ሙሉ ሰው አለ። እንዲህ እጄም አፌም የታሰረበት ጊዜ አላስታውስም።

ማክሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ስደርስ አንድ ሰው ብቻ የቀራት የሳቸው ሚኒባስ ነበረች። ጋቢና ገባሁ። ሲሪንቃን እንዳለፍን አንድ የጭነት መኪና ከኋላችን መጥቶ ጥሩምባውን ነፋ። ደገመ። ሠለሰ። ጋሽ ሙሄ መሃል መንገዱን ይዘው ንቅንቅ የለም።

«እንዲህ ያለ የረጋ ሹፌር የት ይገኛል!» አሉ ከኋላ አንዲት እናት። «ሌላው ቢሆን ይሄኔ በጥሩምባው ደንግጦ ገደል ይከተን ነበር!» ተሳፋሪው በሙሉ ተስማማ።

ትከሻቸውን ነካ አድርጌ ስፖኪዮውን አሳየኋቸው። ዳር ያዙ። የጭነት መኪናው እየተምዘገዘገ አለፈን።

«አይቼዋለሁ፣ አብሽር» አሉኝ እየሳቁ።

እኔን ሥራ ወልድያ የሚወስደኝ ማክሰኞና ሐሙስ ነው። በነዚያ ቀናት ጋቢና ተቀምጬ እሰማላቸዋለሁ... በቀሩት ቀናት ማን እንደሚሰማላቸው አላውቅም።