ውሃ የተከለከለው ማሾ

አቶ ትየንፉ የተጠማ ተክል አይተው ማለፍ አይሆንላቸውም። ጉልበታቸውን ሊታከሙ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ፣ ተራቸውን እየጠበቁ የኮዳቸውን ውሃ በረንዳው ላይ ላለው አበባ ያካፍላሉ። አንድ ቀን ነርሷ፣ «አባቴ፣ መድኃኒቱን በምን ሊውጡት ነው?» ብትላቸው፣ «እኔ ቤቴ ሄጄ እጠጣለሁ፤ እሱ የት ይሄዳል?» አሏት።

ዕድሜያቸውን ሙሉ በቻዪ ሜዳ ላይ ሩዝ ሲዘሩ ኖረዋል። በአንድ የድርቅ ዓመት በቦይ ውሃ ሰበብ ከጎረቤታቸው ከኩንሻን ጋር አካፋ እስከ መማዘዝ ደርሰው ነበር። ዛሬ ግን ሁለቱ በመንደሩ ቤተ መቅደስ ግቢ ቼዝ ሳይጫወቱ የሚውሉበት ቀን የለም። ያን ዓመት የአቶ ትየንፉ ሩዝ ፍሬ ሳይዝ ቆሞ ደረቀ፤ ይህን ረስተውት አያውቁም። ጉልበታቸው ሲደክም መሬቱን አከራዩት፣ ተከራዩም ሶላር ዘረጋበት። ሶላር ደግሞ ውሃ አይጠጣም። እጃቸው ሥራ ፈታ።

እንዲህ ያለ ሰው ቤት ነው እንግዲህ የልጅ ልጃቸው ዩንቸን የማሾ ችግኝ ይዛ የገባችው። ወላጆቿ ከተማ ስለሚሠሩ የምትኖረው ከአያቷ ጋር ነው። አምስተኛ ክፍል ናት። ኮ የምትባለው መምህርቷ ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ አውደ ርዕይ የሚሆን የቤት ሥራ በየዓርቡ ትሰጣለች፦ ለክታችሁ፣ ጽፋችሁ፣ የአሳዳጊ ማኅተም አስመትታችሁ አምጡ። አቶ ትየንፉ መነጽር ማድረግ ስለማይወዱ ወረቀቱን ሳያነቡ፣ በፊርማ ፈንታ ስማቸው የተቀረጸበትን ማኅተም ጧ ያደርጉበታል።

«አባባ፣ በቀኝ ያሉት ውሃ ይጠጣሉ፣ በግራ ያሉት አይጠጡም። እንዳትነካቸው» አለች ዩንቸን።

«ምን አድርገው ነው?»

«ምንም አላደረጉም። ሙከራ ነው።»

«ምንም ካላደረጉ ምን በወጣቸው ይቀጣሉ?»

«አባባ፣ በቃ አትንካ።»

ሽማግሌው ለጥቂት ቀን ቻሉት። ዓምና ዩንቸን ለአውራጃው ውድድር ሳታልፍ ቀርታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ ስታለቅስ ሰምተዋልና ዘንድሮ እንቅፋት ሊሆኑባት አልፈለጉም። ግን ችግኞቹ አንገታቸውን ሲደፉ ሲያዩ እህል አልወርድ አላቸው። ማለዳ፣ ልጅቷ ሳትነሳ፣ በሻይ ስኒ ጠብ ጠብ አደረጉላቸው። ጠብታዋ ትንሽ ናት፣ ማን ያውቃል ብለው። ማሾ ግን ምስጢር አይጠብቅም፤ ውሃ የተከለከለው ከጠጣው እኩል ቀና አለ።

ዩንቸን ማስመሪያዋን እንደያዘች ብዙ ቆመች። «አባባ፣ አፈሩ እርጥብ ነው።»

«ጤዛ ይሆናላ።»

«ሳሎን ውስጥ?»

«ዘንድሮ አየሩም ተበላሽቷል» አሉና ወደ ቼዛቸው ሄዱ።

ልጅቷ አልተቆጣችም፣ አዲስ ማሾ ዘራች እንጂ። ሲበቅል አንዱን ብርጭቆ በሩ ጋ፣ አንዱን ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ አንዱን ጣራው ላይ፣ አንዱንም መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። «እነዚህ ሁሉ አይጠጡም» አለች። አቶ ትየንፉ ከእሳቸው የምትሸሽግ መሰላቸውና አፈሩ። አፍረውም አጠጡ። ወደ ጣራው ደረጃውን የወጡት ከጉልበታቸው ጋር እየተጣሉ ነው። መስኮቱ ላይ ያለው አራተኛው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ልባቸውን ወሰደው፤ ቢጠማ እንኳ ቅጠሉን አያጥፍም። «ዘር ማለት ይሄ ነው» እያሉ ለእሱ ጨመር ያደርጉለት ነበር።

«የልጅቷን ሥራ ገደል ከተትከው» አሉ ኩንሻን በቼዙ ላይ አጎንብሰው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ተዋ።»

«ከነገ ጀምሮ እተዋለሁ።»

«ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» አሉ ኩንሻን፤ ፈረሳቸውንም በሉባቸው።

አውደ ርዕዩ ሲደርስ አቶ ትየንፉ የውድድሩ ዳኛ ፊት ቆመው ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን ሊናገሩ ቆረጡ። ነጭ ሸሚዛቸውን ለበሱ፣ እንደ ልማዳቸው ኮዳቸውን አነገቱ፣ ኩንሻንን አስከትለው ወደ አዳራሹ ገቡ። የዩንቸን ጠረጴዛ በሰው ተከቧል፤ ሰዉም ይስቃል። በልጄ ሳቁባት ብለው እርምጃቸውን አፈጠኑ። ጠረጴዛው ላይ አንድ የጠወለገ ማሾ አለ። ዳኛው፣ ቀጭን ወጣት፣ እስክሪብቶውን ይዞ ይናገራል።

«ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ? ሙከራ ሲደገም ያው ውጤት መምጣት አለበት።»

«ይደገማል» አለች ዩንቸን፤ አያቷን እያየች።

አቶ ትየንፉ ሰዉን ጥሰው ገቡ። «ጌታዬ፣ ልጅቷ አትዋሽም። ጥፋተኛው እኔ ነኝ። አታጠጣ ተብዬ አጠጣሁ። በሩ ጋ ያለውንም፣ ጣራው ላይ ያለውንም አጠጣሁ። በእኔ ጥፋት እሷ አትውደቅብኝ። እኔም ሁለተኛ አይለምደኝም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ዝቅ ብለው ቢያዩ፣ እጃቸው ኮዳውን ከፍቶ የጠወለገውን ማሾ እያጠጣ ነው።

«ተደገመ» አለ ዳኛው፤ እየሳቀም ጻፈ።

ኩንሻን ከጠረጴዛው በላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡላቸው። «ርዕስ፦ አባባ የተጠማ ተክል አይቶ እስከ መቼ ይችላል? በሩ ጋ፦ እስከ ማታ። ከማጠቢያው ጀርባ፦ እስከ ማግስቱ። ጣራ ላይ፦ ጉልበቱን እያመመውም ወጥቷል። መስኮቱ ላይ...» አሉና ሳቅ አቋረጣቸው። «መስኮቱ ላይ፦ ፕላስቲክ ነው። በየቀኑ ይጠጣል።»

«እርስዎ እኮ በየዓርቡ ማኅተም መትተውበታል፣ አባቴ» አለች መምህርት ኮ።

አቶ ትየንፉ ዩንቸንን አዩዋት። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትተው ነበር?»

አሰቡ። «አልተውም።»

«እሱንም ጽፌዋለሁ» ብላ ከሁሉ በታች ያለውን መስመር በጣቷ አሳየቻቸው። ኩንሻን እሱን ሲያነቡ አልሳቁም። «ማጠቃለያ፦ አባባ ባለበት ቤት የሚጠማ የለም።» ሽማግሌው ደስታው ከበዳቸውና ኮዳቸውን መክደን አቃታቸው።

በሚቀጥለው ዓርብ ዩንቸን አዲስ የቤት ሥራ አመጣች። አቶ ትየንፉ ማኅተማቸውን አነሱ፤ መልሰው አስቀመጡትና መነጽራቸውን ፈለጉ። ወረቀቱ ለአውራጃው ውድድር ይዛ የምትሄደውን ይዘረዝራል፦ ሰሌዳ፣ አንድ የጠወለገ ማሾ፣ አንድ አያት ከነኮዳው።

ጧ አደረጉት።