ይቅርታ የምትለዋ መስመር

ከሲቀላ ሰፈር ሲወስዱኝ ጠረጴዛዬን እንኳ እንዳጥፍ አልፈቀዱልኝም። ጊዜው የሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። የላንቴ ገበሬዎች ስለ መሬታቸው ያቀረቡትን አቤቱታ የጻፍኩት እኔ ስለነበርኩ «ሕዝብ አነሳስተሃል» አሉኝ። ያስገቡኝ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ቀን ቀን ሙቀቱ ከላይ ይጫነናል፤ የምንተነፍሰው ከአባያ በኩል ነፋስ ሲመጣ ብቻ ነው። ከገበሬዎቹ የተያዙትን ጨምሮ አሥራ አራት ሰዎች ነበርን።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላኝ የክፍሉ ጠበቃ ሆንኩ። እውነቱን ለመናገር ሕግ የተማርኩት አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ውጤት አልመጣልኝም፣ ተባረርኩ። ይህን ለማንም አልነገርኩም። ከቤቱ ቆጮ የመጣለት እስረኛ መጀመሪያ ለእኔ ይቆርሳል፤ ቀዝቀዝ የሚለውን ጥግም ለቀውልኛል። መታሰሬን የረሳሁባቸው ቀኖች ነበሩ ብል ሰው ይታዘበኝ ይሆናል።

ከዚያ እሳቸው መጡ። ሠላሳ ዓመት ሕግ አስተምረው፣ ጡረታ ወጥተው ወደ ትውልድ ቀያቸው ወደ ጋሞ ደጋ የተመለሱ ሽማግሌ ናቸው። የተያዙት ስብሰባ ላይ ተነሥተው «የታሰሩት ገበሬዎች በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ለምን አልቀረቡም?» ብለው ስለጠየቁ ነው። ይዟቸው የገባው ፖሊስ በሩ ላይ ኮፍያውን አወለቀ። ዳኛው ተማሪያቸው፣ ዐቃቤ ሕጉ ተማሪያቸው። በስቴንስል ያባዙት የነበረው ማስታወሻ እስካሁን በየዳኛው መሳቢያ እንዳለ እኔም አውቃለሁ። እኔን የጣለኝ የእሳቸው ኮርስ አልነበረም፤ ቢሆን ኖሮ መጥላቱ ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ ቆጮው ወደ እሳቸው ዞረ። ሁሉም «ጋሼ፣ ይቺን ይዩልኝ» ማለት ጀመረ።  በአፌ እርስዎ እያልኩ በሆዴ አንተ እላቸው ነበር። ሰው እንዳይታዘበኝ ጥጌን ልለቅላቸው ብነሳ «ተቀመጥ ልጄ፣ እኔ ደገኛ ነኝ፣ ሙቀት ናፍቆኛል» አሉኝ። ይኸው ደግነታቸው ይባስ አናደደኝ።

አብሮኝ የተያዘ አንድ የላንቴ ሙዝ ገበሬ ነበር፤ ሚስቱ ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው። የዋስትና ማመልከቻውን ጽፌለት ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ፖሊሱ ማመልከቻዎችን ሰብስቦ ወደ ፍርድ ቤት ይወስዳል።

«አንተ ጥሩ ጻፍክ» አለኝ ጠጋ ብሎ። «ግን ጋሼም ይየው። ሚስቴ ብቻዋን ናት።»

«አልቋል እኮ» አልኩት። «ያለቀ ነገር ምኑ ይታያል?»



ጋሼ አጠገባችን ለሌላ እስረኛ ያስረዳሉ። «እኛ ዘንድ ዱቡሻ ላይ፣ በአገር ሸንጎው፣ ሽማግሌ ፊት የቀረበ ሰው አጠፋም አላጠፋም መጀመሪያ ይቅርታ ይላል። እርጥብ ሣር ይዞ ይንበረከካል፤ ነገሩ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ፍርድ ቤት ግን ይቅርታ ያለውን ሰው ‹አምኗል› ብሎ ነው የሚመዘግበው።»

ደነገጥኩ። ገበሬው ሲያጽፈኝ «መጀመሪያ ይቅርታ በልልኝ» ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ አሳምሬ «የፈጸምኩትን ጥፋት አምኜ ከእግራችሁ ሥር ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ብዬ ጻፍኩለት። በዚያች መስመር እኮራባት ነበር። ሲቀላ ተቀምጬ ለስንቱ እንደጻፍኳት ማሰብ አልፈልግም።

ፖሊሱ በሩን ከፍቶ «ማመልከቻ ያላችሁ» አለ። ዝም ብዬ ብሰጠው ማንም አያውቅብኝም። ሰውየው ቢፈረድበት በዳኛው ይመካኛል። ይህን አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። ከዚያ ተነሥቼ ወረቀቱን ለጋሼ ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። መስመሯ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመ፤ ፊታቸው ግን እንደነበረ ነው።

«አጻጻፉ ያምራል» አሉ ክፍሉ እየሰማ። «ትንሽ ረዘመ እንጂ። አንዲት መስመር ብንቀንስለት ይበቃዋል።»

ሊሸፍኑልኝ ነው። ዝም ብዬ መቀበል እችል ነበር።

«ርዝመቱ አይደለም ጋሼ» አልኩ። «ተሳስቻለሁ። ሰውየው ያላጠፋውን አጥፍቷል ብዬ ጽፌበታለሁ። ለሌሎቻችሁም እንዲሁ ነው የጻፍኩት። እኔ ሕግ የተማርኩት አንድ ዓመት ነው።»

 ገበሬው መሬት መሬቱን ያያል። ጋሼ ፖሊሱን ጥቂት ደቂቃ እንዲታገሠን ለመኑትና እስክሪብቶውን ለእኔ ዘረጉልኝ።

«አንተ ጻፈው። የኔ እጅ ይንቀጠቀጣል።»

አይንቀጠቀጥም። ጠዋት የሸሚዛቸውን ቁልፍ ሲተክሉ መርፌው ውስጥ ክሩን ባንድ ጊዜ ሲያስገቡ አይቻቸዋለሁ። ማመልከቻውን እንደገና ጻፍኩት፤ በዚያው ሳምንት የሌሎቹንም አንድ በአንድ አብረን አስተካከልን።

ገበሬው በሳምንቱ በዋስ ወጣ። እኔ አራት ወር ቆየሁ። ሊጠይቀን ሲመጣ ሙዝ ተሸክሞ ነበር፤ መጀመሪያ የሰጠው ለጋሼ ነው። ያኔም ትንሽ ከፋኝ።

ጋሼ አሁን በሕይወት የሉም። ቀብራቸው ላይ ዳኛውም ጠበቃውም ከእሳቸው የተማረውን ሲያወራ ዳር ቆሜ ሰማሁ። ቅናቴ ለቀቀኝ ብል አትመኑኝ። በእውቀታቸው መቅናቱን ትቼዋለሁ። የምቀናው በዚያች ደቂቃ ነው፤ የእኔን ስህተት በእጃቸው ይዘው፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ ፊታቸው አልተለወጠም። ስህተቱ የእሳቸው ሆኖ ወረቀቱ እኔ እጅ ገብቶ ቢሆን ኖሮ፣ ጮክ ብዬ ነበር የማነበው።