የገድሉ የእጅ ጽሑፍ

ሰገነት የኮሌጁ መዝገብ ቤት ኃላፊ ናት። ቁጥር ያልተሰጠው ወረቀት ከጠረጴዛዋ አያልፍም፤ ይህን የሚያውቁ ባልደረቦቿ ደብዳቤ ሲያመጡላት አስቀድመው ቀኑን ያያሉ። ባሏ ገድሉ ከሞተ ሰባት ወሩ ነው። እሱም እዚያው ግቢ፣ በተፈጥሮ ሙዚየሙ፣ የጣናን ዓሦች እየሰበሰበ ስማቸውን በእጁ ሲጽፍ ዐሥራ አራት ዓመት ሠርቷል።

ቅዳሜ ጧት ሁለቱን ሴቶች ልጆቿን ይዛ ወደ ሙዚየሙ ሄደች። የዘጠኝ ዓመቷ ዜማ "የአባዬን ጽሑፍ አሳይኝ" እያለች ሳምንቱን ሙሉ ስትጨቀጭቃት ነበር። ቤት ውስጥ በእጁ የጻፈው ምንም የለም፤ ገድሉ የሚገዛ ነገር እንኳ ሲያስታውሳት በስልክ ነበር የሚልክላት።

ጠባቂው ጋሽ አምሐ በሩን ከፈቱላቸው። የስድስት ዓመቷ ርሆቦት ከጉማሬው ራስ ቅል ፊት ተገተረች።

"ጋሼ፣ ይኼ ጥርሱን ይቦርሽ ነበር?"

"እንዳንቺ፣ ሲቆጡት ብቻ።"

ሰገነት በቀጥታ ወደ ዓሦቹ መደርደሪያ ሄዳ ክው አለች። ከዓሦቹ የአልኮል ጠርሙሶች ፊት የቆሙት የስም ካርዶች በሙሉ ተቀይረዋል። በኮምፒዩተር የታተሙ፣ እኩል የተቆረጡ፣ ንጹሕ ካርዶች ናቸው፤ ሌላ ቀን ቢሆን የሠራውን ሰው ታመሰግነው ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። አንድም የእጅ ጽሑፍ የለም።

"የአባዬ የቱ ነው?" አለች ዜማ።

"ቆይ፣ እየፈለግሁ ነው።"

"አጣሽው አይደል?"

ሰገነት ወደ ሽማግሌው ዞረች። "ጋሽ አምሐ፣ የድሮዎቹ ካርዶች የት ገቡ?"

"እነሱማ በእድሳቱ ጊዜ ተወገዱ።" ፊቷን ሲያዩ ደነገጡ። "ምነው ሰገን?"

ማን ፈቅዶ፣ በየትኛው ቃለ ጉባኤ ልትል አፏን ከፈተች፤ ዜማ ቀደመቻት።

ልጅቷ ግንባሯን የመደርደሪያው መስተዋት ላይ ለጥፋ ነበር። "እማዬ፣ ይኼ ዓሣ ሆዱ ሥር ወረቀት አለው።"

"እሱንማ ማን ይነካዋል!" አሉ ጋሽ አምሐ። "የውጪውን ካርድ የጠየቅሽኝ መስሎኝ እኮ ነው። ጠርሙስ ውስጥ የገባ ወረቀት አይወጣም፤ ደንቡ ነው። ዓሣው እስካለ አብሮት ይኖራል።"

ቁልፋቸውን አውጥተው ጠርሙሱን አወረዱና ወደ መስኮቱ አዞሩት። ቀለም በአልኮል ስለሚሟሟ ጽሑፉ በእርሳስ ነው፦ "ነጭ ዓሣ። ከጉማራ ወንዝ መግቢያ። ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም.። ሰብሳቢ፦ ገድሉ።"

ሰገነት ትንፋሿን ለቀቀች። ዕድሜ ልኳን ወረቀት ስታገላብጥ የኖረች ሴት ካርዶቹን ብቻ አንብባ ጠርሙሶቹን ሳታይ ልትወጣ ነበር።

ዜማ ፊደል በፊደል አንብባ ጨረሰች። "እማዬ፣ ጽሑፉ ይንጋደዳል።"

"ስንቴ ነግሬዋለሁ!" አለች ሰገነት፤ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ።

"ሌላ አለ?"

"ሌላ?" አሉ ጋሽ አምሐ፣ ለሰገነት ወንበር እየሳቡላት። "መደርደሪያው ሙሉ ነው እንጂ! ከየትኛው ልጀምርልሽ?"